ደግነት ከመኪናው የወረደ ዕለት

ደግነት ስንቱን ሰው ጎልደን ጌት ድልድይ ድረስ አድርሷል፤ እሱ ግን ድልድዩን አያውቀውም። ይህን ፊት ለፊት የነገረው ሰው ካለ ይቆጣል። «እኔ ነኝ የማላውቀው?» ብሎ መሪውን በመዳፉ ይመታል። መንገዱንስ እውነትም ያውቀዋል። መጀመሪያ ከኦክላንድ አየር ማረፊያ በታክሲ፣ ኋላም ተሳፋሪ በስልክ በሚጠራት በራሱ መኪና፣ ከሃያ ዓመት በላይ ጀርመኑንም ቻይናውንም፣ ሙሽራውንም ሽማግሌውንም እዚያ ሲያወርድ ኖሯል። ሰዎቹ ገና አንድ እግራቸው መሬት ሳይነካ በአድናቆት ይጮኻሉ። ለእሱ የሚደርሰው ጩኸታቸው ብቻ ነው። ከዚያ በሩ ይዘጋል፣ ስልኩ ይጠራል፣ ደግነትም ወደሚቀጥለው ሰው ይሄዳል። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ለምን አይወርድም ብትሉት ፓርኪንግ የለም ይላችኋል። ነገሩ ግን ወዲህ ነው፤ ደግነት በራሱ ዓይን አላፊ መንገደኛ ነው። በናይሮቢ በኩል ስደተኛ ሆኖ ሲመጣ ጥቂት ሠርቶ ሊመለስ ነበር፤ ያቺ ጥቂት እስከ ዛሬ አላለቀችም። ሄይዋርድ ያለው የኪራይ ቤቱ ግድግዳ አንድ ምስማር አያውቅም። ሚስቱ ሀረገወይን የሠርጋቸውን ፎቶ ልስቀል ባለች ቁጥር «ለምንለቀው ቤት ምን አደከመሽ» ይላታል፤ ፎቶውም ከሶፋው ጀርባ እንደተደገፈ ያረጃል። ጉለሌ ደግሞ፣ በወላጆቻቸው ቤት፣ ታላቅ እህቱ አንድ ክፍል ቆልፋ ይዛለታለች። አልጋው እንደተነጠፈ ነው። ደግነት በስልክ «ዘንድሮ አልተመቸኝም እንጂ ለከርሞ ጥምቀት ጠቅልዬ እመጣለሁ» ይላታል፤ እሷም «ክፍልህን ትናንት አናፈስኩት» ትለዋለች። እንዲህ ሲባባሉ ዓመቱ ይዞራል።

ባለፈው ክረምት ይህችው እህቱ ደወለች።

«ሃሴት እናንተ ጋ ልትመጣ ነው። ለአንድ ዓመት፣ በተማሪ ልውውጥ። ሳን ሆዜ ነው አሉኝ።»

ሃሴት የመጨረሻ ልጇ ናት፤ ወንዶ ገነት ስለ ደን ነው የምትማረው። ደግነት ደስታውን ገልጾ ሳይጨርስ እህቱ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«አስቀርልኝ።»

«ምን አልሽ?»

«እንዳትመለስ አድርግልኝ። ዲግሪዋን ይዛ መጥታ እዚህ ምን ትሠራለች? ከእኔ ጋር ልትፋጠጥ? አንተ እዚያ እያለህ ልጄ ያን አገር ረግጣ ከተመለሰች አዝንብሃለሁ፣ ደግነት። ማልልኝ።»

ነገሩ በየትኛው ወረቀት፣ በየትኛው በር ይሆናል የሚለውን እህቱ አልጠየቀችም፤ የእናት ሆድ ደንብ አያነብም። ደግነት ማለ። የማለውም ለእህቱ ብሎ ብቻ አይደለም። አንድ ልጁ ብሩህ ለሥራ ቴክሳስ ከገባ ወዲህ ቤቱ ጭር ብሏል። ልጁ አልፎ አልፎ ይደውልና «አይም ጉድ፣ ዳድ» ብሎ ይዘጋል። ከዚያ ባዶ ክፍል ውስጥ የሰው ኮቴ መስማት ደግነትን አማረው።

ምክሩን የሰጠው ባዩ ነው። ባዩ አየር ማረፊያው አጠገብ ሾፌሮች ተራቸውን በሚጠብቁበት ሜዳ የሚውል የድሮ ጓደኛው ሲሆን፣ በሰው ጉዳይ ላይ ምክር አጥሮት አያውቅም።

«ገና ከመምጣቷ ወረቀት፣ ሎየር፣ ምናምን ካልካት ትደነግጥብሃለች» አለው፣ ቆሎውን እየቆረጠመ። «አሳያት፣ በቃ። ሰንበት ሰንበት ይዘሃት ውጣ። አገሩን ካየች በራሷ ጊዜ ቀረሁ ትልሃለች።»

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ደግነት ምክሩን ወደደው።

ሃሴት መጣች። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ዓይኗ ብቻ የሚሮጥ ልጅ ናት። ሻንጣዋ ከመኪናው ሳይወርድ መንገድ ዳር ያለውን ዛፍ ቅጠል ቀጥፋ አሸተተችና «እዚህም ባሕር ዛፍ አለ!» ብላ ሳቀች። ደግነት ከዚያ ዛፍ ሥር መኪና ሲያቆም የኖረ ሰው ነው፤ ቀና ብሎ ዛፉን አየውና እውነትም ባሕር ዛፍ ሆኖ አገኘው።

በመጀመሪያው ሰንበት ኦክላንድ ካስቀደሱ በኋላ ሁለቱ ብቻ ሄዱ። ሀረገወይን አላሜዳ ባለው የአረጋውያን መጦሪያ ተረኛ ነበረችና ፍርፍር በፎይል ጠቅልላ ሸኘቻቸው። ደግነት ከድልድዩ ማዶ ያለውን ኮረብታ ወጣ፤ መንገድ ዳር ቆመ፤ ሁለቱንም ፍሬቻ አበራ። ሞተሩን አላጠፋም።

«ውረጂና እዪ እስቲ፣ የኔ ልጅ። ሪላክስ አድርጊ። እኔ እዚሁ ነኝ።»

«እርስዎስ ጋሼ?»

«እኔማ አውቀዋለሁ።»

ልጅቷ ወርዳ ሄደች። ደግነት ከመሪው ኋላ ቁጭ ብሎ በስፖኪዮው ከኋላ የሚመጣውን መኪና፣ በፊት መስታወቱ ደግሞ ልጅቷን ይጠብቃል። ገደሉ አፋፍ ላይ ደርሳ ቆመች። ቆመች፣ ቆመች፤ አትንቀሳቀስም። ሰው ሁሉ እዚያ ሲደርስ መጀመሪያ የሚያነሳው ስልኩን ነው፤ የእሷ እጅ ግን እንደ ተንጠለጠለ ቀረ። አመማት እንዴ አለ። ከዚያ ዞር አለችና እየሮጠች መጣች። ወደ ራሷ በር አልሄደችም፤ ዞራ የእሱን በር ከፈተች።

«ጋሼ፣ ይውረዱ። ይሄን ብቻዬን ማየት አልችልም።»

ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል እየተባለ ያደገ ሰው እንዲህ ሲባል እምቢ አይልም። ደግነት ወረደ። ወገቡን እያሸ፣ መኪናውን በዓይኑ እየጠበቀ፣ ትራፊክ ፖሊስ ይመጣል እያለ ተከተላት። አፋፉ ላይ ሲደርስ ማጉረምረሙ በአፉ ውስጥ ቀረ።

ጉሙ ከውቅያኖሱ በኩል እየተንከባለለ ገብቶ ድልድዩን ከነመኪናው ውጦታል። የተረፉት ሁለቱ ቀያይ ምሰሶዎች ብቻ ናቸው፤ ከነጩ በላይ ብቅ ብለው ፀሐይ ይሞቃሉ። ደመናው ከእግራቸው በታች ነው። ደግነት ሰማይን ቁልቁል ሲያይ የመጀመሪያው ነበር። ከሥር አንድ ቦታ ለመርከቦች የሚነፋው ጡሩንባ ረዘም አድርጎ አጓራ፤ ድምፁ በጫማው ገብቶ ደረቱ ላይ ቆመ። ወዲያው ጉሙ መሃሉ ተቀደደና ጥቁር ውሃ ታየ፤ በውሃው ላይ ጥፍር የማታህል ነጭ ጀልባ ስትሄድ ታየች። ቀዳዳው መልሶ ተደፈነ።

«ወይ ጉድ!» አለ ደግነት። ሌላ ቃል አልመጣለትም። ያ ሁሉ ተሳፋሪ የጮኸው ለዚህ ኖሯል! እሱ ይህን ሁሉ ዓመት ከዚህ ነገር ጥቂት እርምጃ ርቆ፣ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ስልኩን ሲነካካ ነበር። ተናደደም፣ ደስም አለው፣ ዓይኑም እንባ አቀረረ፤ የቱ በየትኛው እንደመጣ አላወቀም።

ስለ አገሩ ሊነግራት ያዘጋጀውን ንግግር ያስታወሰው ሄይዋርድ ከገቡ በኋላ ነው። «አየሽ አይደል፣ እዚህ ለሚኖር ሰው…» ብሎ ጀመረ። ሃሴት «ግሩም ነው፣ ጋሼ» አለች፤ ከዚያ በላይ ምንም አላለችም። ለእህቱ ግን «አገሩ እየያዛት ነው፣ አታስቢ» ብሎ ደወለላት።

ከዚያ ወዲያ ሰንበት የጉዞ ቀን ሆነ። ሃሴት የብሩህን ክፍል ይዛ፣ ሳምንቱን ባርት በሚሉት ባቡር ሳን ሆዜ እየተመላለሰች ትማራለች፤ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ይወጣሉ። ከሳን ሆዜ በላይ ወዳለው የኮከብ መመልከቻ ተራራ፣ ዙሪያ ጥምጥሙን መንገድ ወጥተው፣ ከሸለቆው ባሻገር በረዶ የለበሱ ተራሮች እንደ ታጠበ ነጠላ ተሰጥተው አዩ። ደግነት አሁን ይወርዳል። እንዲያውም ቀድሞ የሚወርደው እሱ ሆኗል። ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳም ግን፤ የትም ቢያቆም፣ ሰፊ ሜዳ ላይም ቢሆን፣ ሁለቱን ፍሬቻ ሳያበራ አይሄድም።

«ጋሼ፣ ማንን ነው የሚጠብቁት?» ትለዋለች ሃሴት።

«ልማድ ነው» ይላል።

በነቢያት ጾም ሀረገወይን ሺፍት ቀይራ አብራቸው ወደ ሃፍ ሙን ቤይ ወጣች። ሃሴት አስቀድማ አጣርታ ኖሮ ውቅያኖሱ የሚሸሽበትን ሰዓት አውቃለች። ሲደርሱ እውነትም ውሃው ወደ ኋላ ሸሽቶ የባሕሩ ወለል ተራቁቶ ጠበቃቸው። ጥቋቁር ድንጋይ፣ በድንጋዩ መሃል ኩሬ፣ በኩሬው ውስጥ ደግሞ ሰው አይቶ የማያውቀው ሕዝብ ይኖራል። ብርቱካንማ፣ አምስት ክንድ ያለው ኮከብ ድንጋይ አቅፎ ተኝቷል። አረንጓዴ አበባ አለ፤ ሃሴት «አበባ አይደለም፣ ጋሼ፣ እንስሳ ነው። በአንድ ጣት ቀስ አድርገው ይንኩት» አለችው። ነካው። አበባው ጣቱን ይዞ ሰበሰበው።

«በስመ አብ ወወልድ!» ብሎ ዘለለ። «ያዘኝ እኮ! ሀረግ፣ ጨበጠኝ!»

ሀረገወይን ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ ኩሬው ውስጥ እንደ ሕፃን ትንቦራጨቃለች። ደግነት ሚስቱን እንዲህ ስትስቅ ያያት መቼ እንደነበር ጠፋበት። ሦስቱም ከቤተ ክርስቲያን የመጡ ናቸውና ነጭ በነጭ ለብሰው ድንጋዩ ላይ ቆመዋል፤ የመጣ ፈረንጅ ሁሉ ፎቶ ያነሳቸዋል። ውሃው እየተመለሰ ሲያባርራቸው ሄደው መኪናዋን ቢያስነሱ ባትሪዋ ሞታለች። ያ ፍሬቻ ነው! አንድ ዓሣ አጥማጅ በኬብል አስነሳላቸው። ሀረገወይን እስከ ቤት ድረስ ቀለደችበት፤ እሱም እየሳቀ ሰማት።

ግንቦት ሲገባ ሳቁ ቀነሰ። የሃሴት የመመለሻ ቀን ቀርቧል። እህቱ በየቀኑ ትደውላለች፤ «ተናገርካት?» ደግነት ዓመቱን ሙሉ አገሩን ሲያሳይ ከርሞ የማለበትን ነገር አንድ ቀን እንኳ አላነሳም። ቢያነሳና እምቢ ብትለውስ? መሐላውም ይፈርሳል፣ ቤቱም ወደ ጭርታው ይመለሳል። በመጨረሻው ሰንበት ግን ቆርጦ ተነሳ፤ ዛሬ እነግራታለሁ አለ። ከሀረገወይን ጋር ሦስቱም ከቅዳሴ ሲወጡ ሃሴት ቀደመችው።

«ዛሬስ ቦታውን እኔ ልምረጥ።»

የመረጠችው እዚያው ኦክላንድ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ብዙም የማይርቅ ተራራ። ደግነት በዚያ ተራራ ግርጌ ስንት ጊዜ አልፏል፤ ላዩ ላይ ጫካ ይመስላል እንጂ ምን እንዳለ ጠይቆ አያውቅም። መኪናውን አቁመው፣ ፍሬቻውም በርቶ፣ በእግር ወረዱ። ትንሽ እንደሄዱ ብርሃኑ ተለወጠ። ነፋሱ ቆመ። መሬቱ በረገፈ ቅጠል ለስልሶ የእርምጃቸውን ድምፅ ወሰደው። ግራና ቀኝ ቀያይ ግንዶች ተነሥተዋል፤ ዓይን ይከተላቸውና ይደክመዋል፤ ጫፋቸው አይታይም። ከላይ ጉም ያዝላቸዋል፤ ሰማዩ ሳይዘንብ ከቅጠሉ ላይ ጠብ ጠብ ይላል።

ደግነት ቆብ ነበረው፤ አወለቀ። ትልቁ ግንድ ጋ ሄደ፤ ቅርፊቱ እንደ ጋቢ ወፍራምና ሙቅ ነው። ግንባሩን አስነካው፣ ከዚያም ሳመው፤ በግራ በቀኝ ተሳለመው።

«ደግዬ!» አለች ሀረገወይን፣ በሹክሹክታ። «ዛፍ ተሳለምክ? ቄሱ ቢያዩህ ምን ሊሉህ ነው? ደግሞ ጫማህስ?»

ደግነት እግሩን አየ። በካልሲ ነው። ጫማው ወደ ኋላ፣ ዛፎቹ ከሚጀምሩበት፣ መንገዱ ዳር ተጠጋግቶ ተቀምጧል። መቼ እንዳወለቀው አያውቅም። እግሩ ራሱ ደጀ ሰላም የደረሰ መስሎት አወለቀው። ሀረገወይን ልትስቅ አፏን ከፈተችና ሳትስቅ ቀረች፤ ጎንበስ ብላ የራሷንም አወለቀች።

ሃሴት ዛፎቹ ክብ ሠርተው ወደቆሙበት ወሰደቻቸው። መሃሉ ባዶ ነው።

«እነዚህ ልጆች ናቸው» አለች። «እናትየዋ እዚህ መሃል ነበረች። ድሮ ሳን ፍራንሲስኮን ለመሥራት ይሄን ተራራ ሙሉ በሙሉ ጨፈጨፉት። ሥሩን ግን አልነቀሉትም። ከሥሩ ዙሪያውን ልጆች አወጣች።»

ደግነት እነዚያ ሰማይ ጠቀስ ዛፎች ልጆች ናቸው ሲባል ራሱን ያዘ። እናትየዋማ ምን ታህል ኖሯል? ባዶው ቦታ ላይ ቆሞ ሲያስብ መሐላውን አስታወሰ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሃሴትዬ፣ አንድ ነገር…»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ» አለችው። «እማዬ ያስማለችዎትን አውቃለሁ። እኔንም ልታስምለኝ ነበር፤ አልማልኩላትም።»

ደግነት ደነገጠ፤ ሀረገወይን ፊቷን አዞረች። ልጅቷ ቀስ ብላ ነገረችው። ከጓደኞቿ ጋር ሆና አንድ የገጠር ደብር ዙሪያ ካለው ደን ዘር ለቅመው ዝግባና ኮሶ አፍልተዋል። ደኑ ከዓመት ዓመት እየተበላ ቅጽሩ ጋ ደርሷል። የመጣችው ችግኞቹን ለደብሩ አባት አደራ ብላ ነው፤ ሽማግሌው በጣሳ ውሃ እየተሸከሙ ዓመቱን አቆይተውላታል።

«እኛ ጋ ሲቆረጥ ሥሩም ይነቀላል፣ ጋሼ። እንደዚህ አይመለስም። ክረምቱ ሳይገባ መድረስ አለብኝ።»

አደራ አለብኝ ላለ ሰው ምን ይባላል? ሌላ ምክንያት ብትሰጠው ይከራከራት ነበር። ደግነት ግን ከፋው፤ ተታለልኩም አለ።

«ታዲያ ለምን ዓመቱን ሙሉ ዝም አልሽኝ?»

«መጀመሪያ ልነግርዎት ነበር» አለች፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ። «ከዚያ ድልድዩ ጋ ሲወርዱ ፊትዎን አየሁት። ብነግርዎት ተመልሰው መኪናው ውስጥ ይገቡ ነበር።»

ከላይ አንድ ጠብታ መጥቶ መላጣው ላይ አረፈ፤ አልጠረገውም።

ሃሴት በሄደችበት ጠዋት ሀረገወይን እቤት ተሰናብታት ወደ ሥራዋ ሄደች፤ ሳን ፍራንሲስኮ አየር ማረፊያ ያደረሳት እሱ ነው። ጉልበቱን ልትስም ስትል አነሣትና አቀፋት። ተቆጣጣሪው ፊሽካውን እየነፋ ንዳ ንዳ ይላል። ደግነት በዚህ ፊሽካ ሲነዳ የኖረ ሰው፣ ዛሬ ልጅቷ በመስታወቱ በር ገብታ እስክትጠፋ ንቅንቅ አላለም።

ወደ ቤት ግን አልሄደም። ኮረብታውን ተሻግሮ ወደ ውቅያኖሱ ወረደ፤ መኪናውን አቁሞ አሸዋው ላይ ጫማውን አወለቀ፤ ሱሪውን ሰብስቦ ገባ። ውሃው ብርድ ነው። ከዚያ ወደ ጉለሌ ደወለ፤ እዚያ ምሽት ነው።

«ገባች?» አለች እህቱ።

«ገባች። እየመጣችልሽ ነው። መሐላዬን አልጠበቅኩም፣ ይቅር በይኝ።»

እህቱ አለቀሰች። ረጅም ጊዜ አለቀሰች። «አላሳየሃትም ማለት ነው» አለች በመጨረሻ። «ደህና አድርገህ ብታሳያት ትቀር ነበር።»

«አላሳየኋትም?» አለ ደግነት። ጀመረላት። ድልድዩን የዋጠውን ጉም ነገራት፤ በቀዳዳው ያየውን ጀልባ ነገራት። ጣቱን የጨበጠውን እንስሳ ሲነግራት እህቱ በእንባዋ መሃል ሳቀች። ዛፎቹ ጋ ሲደርስ ድምፁ ተቆራረጠ፤ እናትየዋ የነበረችበትን ባዶ ቦታ፣ ሳያውቀው ያወለቀውን ጫማ፣ ሁሉንም ነገራት።

«ያ የሚያጓራው ምንድን ነው?» አለች ሲጨርስ።

«ውቅያኖሱ ነው። እግሬን ነክሬ ነው የማወራሽ።»

«ደግነት» አለች፤ ድምፅዋ የታላቅ እህት ድምፅ ሆነ። «ይሄን ሁሉ ዓመት ስትደውልልኝ ስለ ትራፊክና ስለ ብርድ እንጂ ስለ አገሩ አንድ ቀን አውርተህልኝ አታውቅም።» አፍንጫዋን ስትስብ ተሰማው። «ቀረህ በለኛ።»

ለከርሞ ጥምቀት ጠቅልዬ እመጣለሁ የሚለው ቃል ምላሱ ላይ ዝግጁ ነበር፤ ሁልጊዜም እንደዚያው ነው። ማዕበሉ ሲመለስ ከእግሩ ሥር ያለውን አሸዋ ይዞ ሄደ። ደግነት ሚዛኑን ጠብቆ ቆመ።

«ለጥየቃ እመጣለሁ» አለ። «ለጥምቀት፣ ከሀረግ ጋር። ለጥየቃ።»

ከጉለሌ በኩል የቁልፍ መንኳኳት ሰማ፤ ወይም የሰማ መሰለው።

«እንግዲያውስ ክፍልህን ለሃሴት እከፍትላታለሁ» አለች እህቱ። «ችግኝ፣ ዘር፣ ምናምን ትላለች፤ ፀሐይ የሚገባው እሱ ነው።»

«ክፈችላት።»

ስልኩን ዘግቶ ብዙ ቆመ። ወደ መኪናው ሲመለስ ፍሬቻው አይበራም፤ ማብራቱን ረስቶት ኖሯል። ወደ ሄይዋርድ ሲገባ መንገድ ላይ ካለ ሱቅ ወርዶ ምስማር ገዛ።